«ሁለት ምርጫ ሲቀረኝ ሁሌም ስህተቱን እመርጣለሁ»

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምጽፈው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ዲግሪዬን ከያዝኩ አምስት ዓመት ሆኖኛል። ማስተርሴን ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ለመማር አስቤ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን አንድ ጊዜ ተፈትኜ አላለፍኩም። እንግሊዝኛውና ሒሳቡ ያን ያህል አልከበደኝም፤ የጣለኝ ሎጂኩ ነው። «እነ እገሌን በተርታ አስቀምጡ» የሚለው ዓይነት ጥያቄ ላይ ሰዓቱ ሁሉ ያልቅብኛል። አጭር ጽሑፍ ሰጥቶ «ድምዳሜውን የሚያዳክመው የቱ ነው?» ሲል ደግሞ ሁለቱን ምርጫ በቀላሉ እጥላለሁ፤ ሁለት ሲቀረኝ ግን ሁሌም ስህተቱን እመርጣለሁ። ጓደኞቼ «ሎጂክ ተፈጥሮ ነው፣ አይጠናም» ይሉኛል። ከዚራ አካባቢ የሦስት ሳምንት ቱቶሪያል እንደሚሰጥ ሰምቻለሁ። ልክፈል ወይስ ብቻዬን ላጥና?
የሳቢያኗ ነኝ

መልስ፦ የድሬ ልጅ «እርስዎ» ሲባል ዞር ብሎ ከኋላው የቆመ ትልቅ ሰው ይፈልጋል ይባላል፤ ስለዚህ «አንቺ» ብለን እንቀጥል።

«ተፈጥሮ ነው» የሚሉሽን ተያቸው። የሎጂክ ጥያቄ ዓይነቱ ጥቂት ነው። ስሙና ታሪኩ ይቀያየራል እንጂ አጥንቱ ያው ነው። ደብዳቤሽ ላይ ያየነው ግን አንድ ሳይሆን ሁለት የተለያየ ችግር ነው፤ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም። የተርታው ጥያቄ ሰዓት የሚበላሽ አጀማመርሽ ስለተበላሸ ነው። በሁለት ምርጫ መሃል የምትወድቂው ደግሞ ከተጻፈው ይልቅ የምታውቂውን ስለምታነቢ ነው። ግምታችንን ራስሽ ፈትሺው፦ 20 ጥያቄ ውሰጂና በ30 ደቂቃ ሥሪ። መልሱን ሳታዪ፣ እነዚያኑ 20 ጥያቄዎች ያለ ሰዓት እንደገና ሥሪና ሁለተኛውን መልስሽን በሌላ ቀለም እስክሪብቶ ጻፊ። ከዚያ ሁለቱንም አርሚ። መጀመሪያ 11 አግኝተሽ ሁለተኛ 17 ከሆነ የጎደለሽ ዘዴና ፍጥነት ነው። 11 ሆኖ 12 ላይ ከቀረ ግን ሰዓት ቢጨመርልሽም አይጠቅምሽም፤ ችግሩ አነባበብሽ ላይ ነው። ይህን ሳታውቂ መቶ ጥያቄ መሥራት ስህተቱን መቶ ጊዜ መለማመድ ነው።

ከአነባበቡ እንጀምር፤ ከባዱ እሱ ስለሆነ ረዘም እናደርገዋለን። ይቺን ተመልከቺ።

ሁሉም የሐረር ቡና በደረቁ ይዘጋጃል።
በደረቁ ከሚዘጋጅ ቡና አንዳንዱ ወደ ውጭ አገር ይላካል።
ስለዚህ ከሐረር ቡና አንዳንዱ ወደ ውጭ አገር ይላካል።

ድምዳሜው ከሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ይከተላል ወይስ አይከተልም?

ሐረርጌ ያደገ ሰው እጁ ሳያስበው «ይከተላል» ላይ ያርፋል። የሐረር ቡና ወደ ውጭ መላኩን ማን ያጣዋል? መልሱ ግን «አይከተልም» ነው። የተጠየቅሽው የሐረር ቡና ይላካል ወይ ተብሎ ሳይሆን፣ እነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብቻቸውን ያንን ለማለት ይበቃሉ ወይ ተብሎ ነው። ወረቀት ላይ ሳዪው። ትልቅ ክብ አድርጊና «ደረቅ» በዪው። ውስጡ ትንሽ ክብ አስገቢና «ሐረር» በዪው፤ ሁሉም የሐረር ቡና ደረቅ ነው ስለተባለ ትንሹ ክብ ሙሉ በሙሉ ከትልቁ ውስጥ መሆን አለበት። አሁን ሦስተኛውን ክብ፣ «የሚላክ»ን፣ የት ታስቀምጪዋለሽ? ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የሚያስገድድሽ ትልቁን ክብ እንዲነካ ብቻ ነው። ትንሹን ሳይነካ በሌላኛው ጥግ ብታስቀምጪው የተጣሰ ነገር የለም፤ የሚላከው ደረቅ ቡና በሙሉ ለምሳሌ የጅማ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ አንድ ሥዕል ከተሳካልሽ፣ ማለትም የተሰጡት እውነት ሆነው ድምዳሜው ውሸት የሚሆንበትን አንድ ሥዕል ካገኘሽ፣ ነገሩ አለቀ፤ አይከተልም። ሞክረሽ ሞክረሽ ሥዕሉ እምቢ ካለሽ ይከተላል።

አሁን ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ለውጪ፦ «በደረቁ የሚዘጋጅ ቡና ሁሉ ወደ ውጭ አገር ይላካል።» «የሚላክ» የሚለው ክብ ትልቁን ክብ ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል፤ ትንሹም አብሮ ይዋጣል። አሁን ይከተላል። ልዩነቱ ያለው «አንዳንዱ» እና «ሁሉ» የሚሉት ሁለት ቃላት ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ስታነቢ ዓይንሽ ቡናው ላይ ሳይሆን እነዚህ ቃላት ላይ ይዋል።

በተቃራኒውም ይመጣል። «የድሬዳዋ ባጃጆች ሁሉ ቀይ ናቸው። ሳቢያን የሚሠሩት ባጃጆች የድሬዳዋ ናቸው። ስለዚህ ሳቢያን የሚሠሩት ቀይ ናቸው።» ጠዋት የተሳፈርሽበት ሰማያዊ ቢሆንም ይከተላል። ፈታኙ ሆን ብሎ ነው እውነት የሚመስለውን የማይከተል፣ ውሸት የሚመስለውን የሚከተል አድርጎ የሚሰጥሽ። በተለይ የሚያስቸግረው ስለምታውቂው ነገር ሲመጣ ነው። ስለማታውቂው ነገር ሲጠይቅ ሳትወጂ በግድሽ የተጻፈውን ታነቢያለሽ፤ ስለ ጤና ወይም ስለ ትምህርት ሲያወራ ግን ልምድሽ ቀድሞ ይመልሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ስሞቹን በፊደል ተኪያቸው። «የሐረር ቡና» ሐ፣ «ደረቅ» ደ፣ «የሚላክ» ላ። ሐ ሁሉ ደ ነው፣ ከደ አንዳንዱ ላ ነው። ከእንግዲህ ቡናው አይሸትሽም።

አማርኛችን የሚጥለን ቦታም አለ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣው፤ አእምሯችን ግን በጓዳ በር ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፣ ትርጉሙም እዚያ ይዛባል። «ሁሉም ተፈታኞች አላለፉም» ሲባል ምን ትሰሚያለሽ? አንዱ ሰው «አንድም ያለፈ የለም» ይሰማል፣ ሌላው «ያለፉም አሉ፣ ሁሉም ግን አይደሉም» ይሰማል። በእንግሊዝኛው «ናን» (አንድም) እና «ኖት ኦል» (ሁሉም አይደሉም) የየራሳቸው ናቸው። «ኖት ኦል» ቢያንስ አንድ ያላለፈ አለ ከማለት በቀር ሌላ አይነግርሽም። «ሰም» (አንዳንድ) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልም እንዲሁ ነው። «አንዳንዶቹ መጡ» ስንል በልባችን «የቀሩም አሉ» ማለታችን ነው፤ ፈተናው ላይ ግን «ሰም» ማለት ቢያንስ አንድ ማለት ነው፣ ሁሉም ሊሆኑ ይችላሉ። «ከሐ አንዳንዱ ደ ነው» ከሚለው ተነስተሽ «ደ ያልሆነ ሐ አለ» የሚለውን ምርጫ ከመረጥሽ ወጥመዱ ይዞሻል። «ኦር»ም «ወይ ይሄ ወይ ያ» ብቻ አይደለም፤ «ሁለቱም አብረው አይሆኑም» ብሎ በግልጽ ካልከለከለ ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ።

ከሁሉም የባሱት «ኦንሊ ኢፍ» (ከሆነ ብቻ) እና «አንለስ» (ካልሆነ በቀር) ናቸው። «ጎብኚው ሙዚየሙ የሚገባው ትኬት ከቆረጠ ብቻ ነው» ሲባል ጆሯችን «ትኬት መቁረጥ ይበቃል» ይሰማል። አልተባለም። የተባለው የገባ ሁሉ ትኬት ቆርጧል ነው። ትኬት ቆርጦ በር ላይ ሰዓት ያለፈበት ሊኖር ይችላል። በቀስት ስታሰምሪው፦ ገባ → ትኬት አለው፤ በግራ ያለው ከሆነ በቀኝ ያለው የግድ ይሆናል ማለት ነው። ከ«ኦንሊ ኢፍ» ቀጥሎ ያለው ሁልጊዜ ከቀስቱ ጫፍ ይቀመጣል፤ ይህን እንደ ጸሎት ያዢው። «አንለስ» ሲመጣ ደግሞ ሰርዢውና በቦታው «ኢፍ ኖት» ጻፊ። «ሹፌሩ ካልመጣ በቀር ባቡሩ አይነሳም»፦ ሹፌር አልመጣም → ባቡር አልተነሳም። ሲገለበጥ፦ ባቡር ተነሳ → ሹፌር መጥቷል። ሹፌሩ መጥቶ ባቡሩ በሌላ ምክንያት ቆሞ ሊውል ይችላል፤ ጣቢያ ላይ ሰዓታት የጠበቀ ሰው ይህን አይጠራጠርም።

ቀስቱን ካነሳን፣ ሊገለበጥ የሚችልበትና የማይችልበትን መንገድ በድሬው ወንዝ በደቻቱ እንየው። «ደቻቱ ከሞላ መንገዱ ይዘጋል።» ሞላ → ተዘጋ። ከዚህ አራት ነገር ለማለት ትፈተኚያለሽ። ደቻቱ ሞልቷል፤ ስለዚህ መንገዱ ተዘግቷል፤ ልክ ነው። መንገዱ አልተዘጋም፤ ስለዚህ ደቻቱ አልሞላም፤ ይህም ልክ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚረሳውም እሱን ነው። መንገዱ ተዘግቷል፤ ስለዚህ ሞልቷል? አይከተልም፤ አሸዋው ደርቆ ሰልፍ ወይም የመንገድ ጥገና ሊዘጋው ይችላል። ደቻቱ አልሞላም፤ ስለዚህ መንገዱ ክፍት ነው? በዚያው ምክንያት ይህም አይከተልም። ባጭሩ፣ ቀስቱን ወደ ኋላ መሄድ የምትችዪው ሁለቱንም ጎን አፍርሰሽ ነው። ጥያቄ ስታነቢ «ኢፍ» ባየሽ ቁጥር ቀስቱን ጻፊ፣ ከሥሩ ደግሞ ፈርሶ የተገለበጠውን ጻፊ። አምስት ሰከንድ ነው የሚወስደው። ሦስት አራት ቀስት በተሰጠበት ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ ያለው የአንዱን ጫፍ ከሌላው ጅራት በማያያዝ ነው፣ የሚያያዘውም ከተገለበጡት አንዱ ነው።

አሁን ወደ ተርታው፣ ወደ ሰዓት በይሽ። ለዚህ ቀፊራ ገበያ እንውረድ። አምስት ነጋዴዎች በአንድ ረድፍ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ተቀምጠዋል፤ አንዷ ማንጎ፣ አንዷ ሽንኩርት፣ አንዷ ቲማቲም፣ አንዷ ብርቱካን፣ አንዷ ሎሚ ይሸጣሉ።

ማንጎ ሻጯ ከብርቱካን ሻጯ በስተግራ ናት።
ሽንኩርትና ቲማቲም ጎን ለጎን ናቸው።
ሎሚ ሻጯ ጫፍ ላይ አይደለችም።
ቲማቲም ሻጯ ሦስተኛዋ ናት።

ሰዓትሽን የሚበላው ይሄ ነው፦ ከመጀመሪያው መስመር ትነሺያለሽ። ማንጎ ከብርቱካን በስተግራ የምትሆንበት አቀማመጥ ብቻውን 10 ነው። አሥሩን እያየሽ ሽንኩርት ስትፈልጊ ደቂቃው ይሄዳል፤ ግማሽ መንገድ ላይ ይደባለቅብሽና ከአንድ ትጀምሪያለሽ። ፈታኙ ደንቦቹን በሚረዳሽ ቅደም ተከተል አይደረድርልሽም፤ ቁርጥ ያለውን ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ሁሉንም ደንብ ሳታነቢ እርሳስ አታንሺ።

አምስት ባዶ ቦታ አስምሪ፣ ከሥራቸው ከ1 እስከ 5 ጻፊ። መጀመሪያ ቁርጡ፦ ቲ በ3። ቀጥሎ ቁርጡን የሚነካው፦ ሽንኩርት ከቲማቲም ጎን ናት፤ ስለዚህ 2 ወይም 4። ቀጥሎ ክልከላው፦ ሎሚ 1 እና 5 አትሆንም፣ 3 ተይዟል፤ ለእሷም የቀረው 2 ወይም 4 ነው። ሽንኩርትና ሎሚ 2ን እና 4ን ተካፈሉ ማለት ነው። ለማንጎና ለብርቱካን 1 እና 5 ቀሩ፤ ማንጎ በስተግራ ስለሆነች 1፣ ብርቱካን 5። ያ አሥር አቀማመጥ የነበረው ደንብ መጨረሻ ላይ ሲመጣ በአንድ ትንፋሽ አለቀ። ደንብ ባይኖር 120 የነበረው አሰላለፍ ሁለት ቀርቷል፦

ማ ሽ ቲ ሎ ብ
ማ ሎ ቲ ሽ ብ

ከዚህ በኋላ ጥያቄዎቹ ማንበብ ብቻ ናቸው። «የግድ እውነት የሚሆነው የቱ ነው?» ሲል በሁለቱም መስመር ያለውን ፈልጊ፤ ማንጎ የመጀመሪያዋ ናት። «ሊሆን የሚችለው?» ሲል በአንዱ መስመር መኖሩ ይበቃል፤ ሎሚ አራተኛ ልትሆን ትችላለች። «ሁሉንም ቦታ ለማወቅ ምን ቢጨመር ይበቃል?» ሲል ሁለቱን መስመር የሚለየውን ፈልጊ፤ «ሽንኩርት ከማንጎ ጎን ናት» ቢባል አለቀ፣ «ብርቱካን ከሎሚ በስተቀኝ ናት» ቢባል ግን በሁለቱም መስመር ስለሚሠራ ምንም አይጨምርም። «የግድ» እና «ሊሆን ይችላል» የሚሉትን ሁለቱን ቃላት ሳያዩ የሚመልሱ ተፈታኞች ብዙ ናቸው፤ ሥዕሉን በትክክል ሠርቶ በዚህ መሳሳት ያንገበግባል።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ከሚከተሉት ትክክል ሊሆን የሚችለው አሰላለፍ የቱ ነው?» ብሎ አምስት ሙሉ ረድፍ ከሰጠሽ ሥዕል እንኳ አትሥሪ። አንድ ደንብ ያዢና አምስቱንም ምርጫ በሱ ፈትሺ፣ የጣሰውን ሰርዢ፤ ሁለተኛ ደንብ፣ እንዲሁ። ምርጫን በደንቦች ሳይሆን ደንብን በምርጫዎች ላይ ማስኬድ ይፈጥናል።

ስለ ሰዓቱ ደግሞ፦ በአንድ ተርታ ላይ አምስት ጥያቄ ከተንጠለጠለ 4 ደቂቃ ሥዕሉ ላይ ብታጠፊ አትደንግጪ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጥያቄ ግማሽ ደቂቃ ነው፤ ድምሩ ስድስት ደቂቃ ተኩል፣ በጥያቄ አንድ ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ማለት ነው። በአንድ ተርታ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ካለ ግን ለመጨረሻ ተዪው። በ30 ሰከንድ ውስጥ ወረቀትሽ ላይ ምንም ያልተጻፈበት ማንኛውም ጥያቄ ይዘለል። ኮምፒውተር ላይ ስትፈተኚ እስክሪን ላይ ማስመር ስለማይሆን ቤትም ስትለማመጂ ጥያቄውን ከስልክ ወይም ከላፕቶፕ እያነበብሽ ባዶ ወረቀት ላይ ሥሪ፤ መጽሐፍ ላይ እያሰመረ የለመደ እጅ እዚያ ይጨንቀዋል። መመሪያው ለስህተት መልስ ነጥብ የማይቀንስ ከሆነ ባዶ የሚተው ጥያቄ መኖር የለበትም፤ የመጨረሻዋን ደቂቃ ለዚያ አስቀምጪ።

የዝምድና ጥያቄዎችም አሉ፤ እነሱን ቶሎ እንለፋቸው። የእንግሊዝኛው «አንክል» የእናትም የአባትም ወንድም ነው፣ «ካዝን» ወንድ ወይም ሴት ሊሆን ይችላል። ጾታው ካልተነገረ ከስም አትገምቺ። ትውልዱን እንደ መሰላል ሳዪ፤ አያት ላይ፣ ወላጅ መሃል፣ ልጅ ታች። ሌላ ምስጢር የለውም።

አሁን ያንን የሁለት ምርጫ ነገር። ይህን እንውሰድ፦

«አንድ ጁስ ቤት በግንቦት የማንጎ ጁስ ዋጋ ቀነሰ። በዚያው ወር ከሚያዝያ የበለጠ የማንጎ ጁስ ሸጠ። ስለዚህ ሽያጩን የጨመረው የዋጋ ቅናሹ ነው።» ድምዳሜውን ይበልጥ የሚያዳክመው የቱ ነው?

ሀ. ከቅናሹ በኋላ ጁስ ቤቱ በአንድ ብርጭቆ የሚያገኘው ትርፍ አንሷል።
ለ. ዋጋ ያልቀነሱ የሰፈሩ ጁስ ቤቶችም በግንቦት የማንጎ ጁስ ሽያጫቸው በዚያው መጠን ጨምሯል።
ሐ. አንዳንድ ደንበኞች ከማንጎ ይልቅ አቮካዶ ይወዳሉ።
መ. አብዛኞቹ ደንበኞች ቅናሹን ያወቁት ደጃፉ ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ነው።

ሐ እና መ ቶሎ ይወድቃሉ። ሀ እና ለ ይቀራሉ፤ ያንቺ ቦታ እዚህ ነው። ሀ የሚማርከው አሉታዊ ስለሆነ ነው፤ ቅናሹ ጎዳ ይላል፣ «ማዳከም» ከሚለው ቃል ጋር ይስማማል። ግን ድምዳሜው ስለ ምን ነበር? ስለ ሽያጭ። ሀ ስለ ትርፍ ነው የሚያወራው። ባለቤቱ ከሰረም አልከሰረም፣ ብርጭቆ የበዛው በቅናሹ ነው የሚለው አልተነካም። ለ ግን ልቡን ይመታዋል፦ ቅናሽ የሌለበትም ቤት እኩል ከሸጠ ሌላ ምክንያት አለ፤ የግንቦትን የድሬ ሙቀት ብቻ ማሰብ ይበቃል።

ስለዚህ ሁለት ሲቀርሽ ምርጫዎቹን እርስ በርስ ማወዳደር አቁሚ። ያኔ የሚያሸንፈው አማርሮ የተናገረው ወይም ረጅሙ ነው። ወደ ድምዳሜው ተመለሺ፤ «ስለዚህ» የሚለው ያለበትን ዓረፍተ ነገር በአራት ቃል ወረቀት ላይ ጻፊ፦ ሽያጭ የጨመረው በቅናሽ ነው። ከዚያ በእያንዳንዱ ምርጫ ውስጥ ከእነዚህ ቃላት ጋር የማይገጥመውን አንድ ቃል ፈልጊ። እዚህ «ትርፍ» ነው። ከሁለቱ አንዱ ውስጥ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ቃል አለ፦ ሽያጭ በነበረበት ትርፍ፣ ቁጥር በነበረበት መቶኛ፣ «ብዙዎቹ» በነበረበት «አብዛኞቹ»።

የጠንካራ ቃላት ነገርም ጥያቄው እንደ ዓይነቱ ይለያያል፤ ብዙ ቱቶሪያሎች ይህን ሳይለዩ «ኦልዌይስ እና ኔቨር ያለበትን ጣይ» ይላሉ። «የግድ የሚከተለው የቱ ነው?» ሲል እውነት ነው፣ ለስለስ ያለው ምርጫ ይሻላል፤ ትንሽ የሚናገር ነገር በቀላሉ ስለሚረጋገጥ። «የሚያዳክመው» ወይም «የሚያጠናክረው» ሲል ግን ምርጫውን እንደ እውነት ውሰጂ ተብለሻል፤ ጠንካራ ሲሆን ይበልጥ ይመታል፣ ስለዚህ አትፍሪው። «ያልተነገረ ግምቱ የቱ ነው?» ሲል ደግሞ ምርጫውን አፍርሺው። ከላይ ባለው፣ «በግንቦት ሽያጭ የሚጨምር ሌላ ምክንያት አልነበረም» የሚለውን አፍርሰሽ «ነበረ» ብትዪው ድምዳሜው ይንገዳገዳል፤ እሱ ነው ግምቱ። ፈርሶም ድምዳሜው ቆሞ ከቀረ አይደለም። ስታፈርሺ «ሁሉም» ወደ «ቢያንስ አንዱ አይደለም» እንጂ ወደ «አንዱም አይደለም» እንደማይሄድ አትርሺ።

መለማመጃውን በተመለከተ፣ በየቴሌግራሙ የሚዞረው ፒዲኤፍ ብዙ ጊዜ የመልስ ቁልፉ የተሳሳተ ነው። መልሱ የቀስቱን ሕግ የሚጥስ ከሆነ ራስሽን ከመጠራጠርሽ በፊት ቁልፉን ተጠራጠሪ። ያረጁ መጻሕፍትን አትናቂ። የአሜሪካው የሕግ ትምህርት ቤቶች መግቢያ፣ ኤልሳት፣ የተርታ ጥያቄውን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 አስቀርቶታል፤ የድኅረ ምረቃ መግቢያው ጂአርኢም እ.ኤ.አ. በ2002 የትንታኔ ክፍሉን ወደ ጽሑፍ ቀይሮታል። ስለዚህ አዲሱን እትም ገዝተሽ ተርታ ብትፈልጊ አታገኚም፣ ከእነዚህ ዓመታት በፊት የታተመው ግን ሞልቶታል። ለጁስ ቤቱ ዓይነት የኤልሳት «ሎጂካል ሪዝኒንግ» እና የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች መግቢያው የጂማት «ክሪቲካል ሪዝኒንግ» ጥሩ ናቸው፤ ከኛ ፈተና ይከብዳሉ፣ ጥቅማቸውም እዚያ ነው።

በቀን አሥር ጥያቄ ይበቃል፤ ግን ለመሥራት ከወሰደብሽ ሰዓት እጥፍ ለማረም ስጪ። አንድ ደብተር ያዢና ለተሳሳትሽው ሁሉ ሦስት ነገር ጻፊ፦ የጥያቄው ዓይነት፣ ስህተቱን ምርጫ ለምን እንደወደድሽው፣ ሳታዪው ያለፍሽው ቃል። «አላስተዋልኩም» ብለሽ አትጻፊ፤ ቃሉን ጻፊ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ገልብጠሽ ስታዪው ያው ሁለትና ሦስት ቃል ይደጋገማል። ሰዓቱ ከንጋቱ 11 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ቢሆን ሙቀቱ ሳይነሳ ትጨርሺያለሽ። ጓደኞችሽ በርጫ ላይ አብረን እናጥና ካሉሽ ሌላ ትምህርት አጥኚ፣ ይህን ግን ተዪው፤ በምርቃና ሁሉም ምርጫ ልክ ይመስላል፣ ፈተናው ክፍል ውስጥ ደግሞ ምርቃና የለም።

ለቱቶሪያሉ ልክፈል ወይ ላልሽው፣ የ20ውን ፈተና ከሠራሽ በኋላ ወስኚ። ከ11 ወደ 17 ከሆንሽ ገንዘብሽን ያዢ፣ የሚያስፈልግሽ ልምምድ ነው። 11 እና 12 ከሆንሽ የሚያርምሽ ሰው ይጠቅማል፤ የሚያርም ከሆነ። ከመክፈልሽ በፊት አስተማሪውን ያቺን የሐረር ቡና ጥያቄ ጠይቂው። «ይከተላል፣ የሐረር ቡና እኮ በዓለም የታወቀ ነው» ካለሽ አመስግነሽ ውጪ። እስክሪብቶ አንስቶ ክብ መሳል ከጀመረ ተመዝገቢ።